ፋብሪካውን አንዱ ገዛ፣ ስሙን ሌላው ወሰደ፦ የዛሬው ሮልስ ሮይስ ያው የድሮው ነው?

የአውራ ጎዳና ልጅ (ጥያቄውን ያነሳው)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኛዬ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ የተከራከርንበትን ነገር ይዤ መጣሁ። እኔ "ሮልስ ሮይስ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ቤት ነው" አልኩ። እሱ ደግሞ "የድሮው በ1998 አልቋል፤ የዛሬው ስሙን የለበሰ የጀርመን መኪና ነው" አለኝ። ቤት ገብቼ ሳነብ እሱም እውነት እንዳለው አየሁ። ለካ ፋብሪካውን የገዛው አንድ ኩባንያ፣ ስሙን የወሰደው ሌላ ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ መኪና ሰምቼ አላውቅም።

የአንድ መኪና ክብር የሚቀመጠው የት ነው? ፋብሪካው ውስጥ? ሞተሩ ውስጥ? ሠራተኞቹ እጅ ላይ? ወይስ ስሙ ላይ? ታሪኩን የምታውቁ ሰዎች ከሥሩ ጀምራችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። እንዳንምታታ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ።

ሰነድ ወዳጅ

ከሥሩ ካልክማ ከወፍጮ ቤት ነው የሚጀምረው። ሄንሪ ሮይስ በ1863 ሲወለድ አባቱ ባለ ወፍጮ ነበር። ሥራው ግን አልሆነለትም። ሮይስ ገና 9 ዓመቱ ሳለ አባቱ ሞተ። ልጁ ጋዜጣ እየሸጠ፣ ቴሌግራም እያደረሰ አደገ። በባቡር ኩባንያ ወርክሾፕ ሙያ መማር ጀመረ፤ የምትከፍልለት አክስቱ ገንዘብ ሲያጥራት አቋረጠ። በቅንጦት የሚታወቀውን ስም ያቆመው እንግዲህ እጁ ከዘይት ተለይቶ የማያውቅ ሠራተኛ ነው።

በ1884 ማንችስተር ውስጥ ከአንድ ባልደረባው ጋር ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሥሪያ ከፈተ። ከበር ደወል ተነሥቶ ዳይናሞና ክሬን እስከ መሥራት ደረሰ። ትንሽ ሲደላው ዴካቪል የምትባል ያገለገለች የፈረንሳይ መኪና ገዛ። መኪናዋ መጥፎ አልነበረችም። እሱ ግን ጩኸቷንም መንቀጥቀጧንም አልወደደውም። ፈታታት። እያንዳንዱን ዕቃ አገላብጦ እያየ "ይሄ ከዚህ በተሻለ ይሠራል" በሚል መንፈስ የራሱን ሠራ። የሠራትን ባለ ሁለት ሲሊንደር መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የነዳው ኤፕሪል 1 ቀን 1904 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ሮይስ መኪናን አልፈለሰፈም። ሌላ ሰው የሠራውን ወስዶ ነው ያስተካከለው። ኋላ እመለስበታለሁ።

ቻርልስ ሮልስ ተቃራኒው ነበር። የሎርድ ልጅ፣ ኢተንና ካምብሪጅ የተማረ፣ ለንደን ውስጥ የውጭ መኪና የሚሸጥ ሰው። የሚያንገበግበው ከውጭዎቹ እኩል የሚቆም የእንግሊዝ መኪና ማጣቱ ነው። ሄንሪ ኤድመንድስ የሚባል ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው አገናኛቸውና ሜይ 4 ቀን 1904 ማንችስተር በሚገኘው ሚድላንድ ሆቴል ተያዩ። ሮልስ መኪናዋን ሲሞክራት ባለ ሁለት ሲሊንደር አልመስል አለችው፤ ያን ያህል ለስላሳ ነበረች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተፈራረሙ። ሮይስ ይሠራል፣ ሮልስ ይሸጣል፣ የመኪናው ስም የሁለቱም ይሆናል። ኩባንያው በይፋ የተመሠረተው በ1906 ነው።

ሮልስ ግን አልቆየም። ጁላይ 12 ቀን 1910 በርንማውዝ ላይ በአየር ላይ ትርኢት እየበረረ ሳለ የአውሮፕላኑ ጭራ ተሰብሮ ወደቀና ሞተ። 32 ዓመቱ ነበር። በሞተር አውሮፕላን አደጋ የሞተ የመጀመሪያው ብሪታንያዊ እሱ ነው። ስሙ ከፊት የተጻፈው ሰው ከኩባንያው ጋር የቆየው ስድስት ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው።

ሊያ ዲዛይን

ሰነድ ወዳጅ፣ ግሩም አድርገህ ነው ያስቀመጥከው፤ ግን ክላውድ ጆንሰንን ዘለልከው! ሰውዬው በሮልስና በሮይስ መሃል ያለችው ሰረዝ እኔ ነኝ ይል እንደነበር ይነገርለታል። ልክ ነው። አንዱ ሠሪ፣ ሌላው ሻጭ ነበሩ። ዝናውን የገነባው ግን ጆንሰን ነው።

እንዴት ገነባው? በ1907 ከአዲሱ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞዴል 12ኛውን ሻንሲ (ቦዲ ያልተጫነበትን የመኪና አጽም) መረጠ። ብርማ ቀለም አስቀባው፣ የብረት ጌጦቹን ብር አስለበሳቸው፣ ሲልቨር ጎስት ብሎ ሰየመው። ጎስት ያለው በጸጥታው ነው፤ እንደ መንፈስ ሳይሰማ ይመጣልና። ከዚያ መስኮት ውስጥ አላስቀመጠውም። መንገድ ላይ አወጣው። በለንደንና በግላስጎው መካከል ቀንና ሌሊት ተነዳ፤ ሮልስ ራሱም ከነጂዎቹ አንዱ ነበር። ወደ 23,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሳይታሰብ የቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱም የቤንዚን መዝጊያዋ በመንገዱ ንዝረት ራሷን ዘጋች። ከፈቷት፣ ሄደ። በቃ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መኪናውን የአውቶሞቢል ክለቡ ሰዎች ብሎን በብሎን ፈትተው መረመሩት። ያለቀውን ሁሉ ቀይረው እንደ አዲስ ለማድረግ ያስፈለገው ዕቃ ከሁለት ፓውንድ እምብዛም አላለፈም። በዚያ ዘመን መኪና ማለት አስፓልት ላይ ሆድዋን ከፍታ የምትቆም ነገር ነበረች እኮ! "የዓለም ምርጥ መኪና" የሚለው ቃል ሰው አፍ ውስጥ የገባው በዚህ ሰሞን ነው። ኩባንያው ማስታወቂያው ላይ አድርጎት ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም። ሞዴሉ እስከ 1926 ድረስ ተሠርቷል፤ በጠቅላላው 7,874 ሻንሲ።

እንግዲህ ክብሩ በወርቅና በቆዳ አልመጣም። ባለመቆም ነው የመጣው።

ቀጥ ያለ መንገድ

እህቴ ሊያ፣ ያልሽው ለ1907 ይሠራል። ዛሬ ግን ሮልስ ሮይስ የሚገዛ ሰው "አይበላሽም" ብሎ ነው የሚገዛው? ከመቶ ዓመት በፊት የተገኘ ስም ላይ ቁጭ ብለው የሀብት ማሳያ ነው የሚሸጡት። ፋንተም 4 የተባለውን በ1950 እና በ1956 መካከል 18 ብቻ ሠርተው ለነገሥታትና ለመሪዎች ሰጡት። ይሄ መኪና ሥራ ነው ወይስ ዙፋን ሥራ?

አሮጌ ካምቢዮ

ልጆች፣ እኔ ይሄን መኪና በመጽሐፍ አላውቀውም፤ በእጄ ነው የማውቀው። ረጅም ዘመን በመካኒክነት ኖሬያለሁ። ስለ አንዲት ሲልቨር ሻዶው ልንገራችሁ።

መኪናዋ ከሌላ ጋራዥ ተጎትታ መጣች። ፍሬን የላትም። ከየቦታው ዘይት ታንጠባጥባለች። ባለቤቱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። የፍሬኑን ማጠራቀሚያ ክዳን ከፍቼ ጣቴን ነከርኩና አሸተትኩት። ወዲያው ገባኝ። የማዕድን ዘይት ሞልተውበታል። ሻዶው የሚፈልገው ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ጉሎ ዘይት ያለበት የፍሬን ዘይት ነው። ከ1980 ጀምሮ የመጡት ሞዴሎች ናቸው በማዕድን ዘይት የሚሠሩት። አንድ ሰው "ያው ሮልስ ሮይስ አይደል" ብሎ አንዱን በሌላው ተክቶ ሞላ። ጎሚኒዎቹ በሙሉ አብጠዋል። አንዱን አውጥቼ በሁለት ጣቴ ስጫነው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ።

ሙሉውን መስመር ፈታሁት። ሳምንታት ፈጀብኝ። ያኔ ነው ይሄ ስም ምን እንደሆነ የገባኝ። ከአንዱ ቫልቭ ውስጥ የወጣች ጣት የምታህል ብረት ነበረች። ጠርጌ፣ ትንሽ ዘይት ቀብቼ ወደ ቤቷ መለስኳትና ቫልቩን አቆምኩት። በራሷ ክብደት፣ ቀስ ብላ፣ ያለ ምንም መንቀጥቀጥ ወረደች። በውጭ በኩል እንኳን ማንም የማያየው ፊቷ እንደ መስታወት ተወልውሏል። ያቺን ብረት የሠራ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። መኪናው በተሸጠ ጊዜ ገዢው ስለ እሷ መኖር እንኳን አያውቅም። ግን ሠርቷታል።

ገጥመን ስንጨርስ ረዳቴ ሞተር አስነሣ። ትንሽ ቆየና ቁልፉን ደግሞ አዞረው፤ ሞተሪኖው ጮኸ። ለካ ሞተሩ ተነሥቷል! አልሰማውም።

አሁን ደግሞ የማትወዱትን ልንገራችሁ። ያ ሁሉ የሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ሥርዓት መሠረቱ የፈረንሳዩ መኪና የሲትሮኤን ነው፤ በፈቃድ ወስደው ነው የሠሩበት። ካምቢዮው የጀነራል ሞተርስ ነው። "ሮልስ ሮይስ አይበላሽም" የሚለውም ተረት ነው። ከተንከባከብከው ከአንተ ዕድሜ በላይ ይኖራል፤ ከተውከው ቦዲው በዝገት ያልቃል፣ ፍሬኑም ይከዳሃል።

የአውራ ጎዳና ልጅ

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። የቁልፏን ነገር ለጓደኛዬ ነግሬው ዝም አለ።

ግን ካምቢዮው የጀነራል ሞተርስ፣ ሃይድሮሊኩ የሲትሮኤን ከሆነ፣ ያኔም "ንጹሕ" አልነበረማ?

ሰነድ ወዳጅ

ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይሄው መጣ። አልነበረም። ሆኖም አያውቅም። በ1920ዎቹ የፍሬን አጋዡን ሂስፓኖ ስዊዛ ከሚባል ሌላ መኪና ሠሪ በፈቃድ ነው የወሰዱት። የመጀመሪያዋ መኪና ራሷ ከዴካቪል ነው የተነሣችው። ያለውን ምርጥ ነገር ወስደህ አሻሽለው የሚል አባባል ለሮይስ ይሰጠዋል። እሱ ተናገረውም አልተናገረው፣ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ይሄንኑ ነው።

ከ1911 በኋላ ጤናው ተቃውሶ ፋብሪካው ካለበት ከደርቢ ራቅ ብሎ ነው የኖረው። ክረምቱን ደቡብ ፈረንሳይ፣ በጋውን እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ፣ በኋላ ዌስት ዊተሪንግ በምትባል መንደር። ንድፉ በፖስታ ይመጣለታል፤ አርሞ ይመልሳል። እንዲህ እያለ እስከ 1933 ድረስ፣ እስኪሞት። የፋብሪካው ሠራተኞች አብዛኞቹ ሰውየውን ሳያዩት ነው የእሱን መኪና የሠሩት። ስለዚህ ክብሩ ሕንፃው ውስጥ ነው የሚል ሰው ካለ ይሄን ያስብበት።

ክሩ 1959

አልስማማም። ጋሼ አሮጌ ካምቢዮ የነገሩን ያቺ ብረት የተሠራችው እንግሊዝ ውስጥ ክሩ ከተማ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ1946 ጀምሮ ሮልስ ሮይስም ቤንትሌይም የተሠሩት እዚያ ነው። ቤንትሌይን ራሱን ሮልስ ሮይስ የገዛው በ1931 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እንደ ወንድማማች አንድ ቤት ኖረዋል። በ1998 ስሙ ሲሄድ ሰዎቹ የትም አልሄዱም። ቆዳ የሚሰፉት፣ እንጨት የሚያለሰልሱት፣ ሞተር የሚገጥሙት እዚያው ቀሩ።

ሞተሩም ቀረ። በ1959 የወጣው ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር) በሻዶው ውስጥ ያለው ነው። 6.23 ሊትር ሆኖ ጀመረ፣ በ1970 6.75 ሆነ። ያው ሞተር፣ በየጊዜው እየታደሰ፣ ቤንትሌይ ሙልሳን ውስጥ እስከ 2020 ተሠርቷል። 61 ዓመት! ታዲያ ወራሹ ማን ነው? ስሙን የያዘው ወይስ ሙያውን የያዘው? ለእኔ እውነተኛው የድሮ ሮልስ ሮይስ ዛሬ ቤንትሌይ ይባላል።

ቀጥ ያለ መንገድ

ይሄን የቪ8 ነገር አላውቅም ነበር። ከባድ ነጥብ ነው።

ሊያ ዲዛይን

እስቲ በ1998 የሆነውን አንድ ሰው በደንብ ያስረዳን። ብዙ ሰው ቮልስዋገን ተታለለ ይላል። እውነት ነው?

ሰነድ ወዳጅ

ለመረዳት ወደ 1971 መመለስ ያስፈልጋል። ሮልስ ሮይስ ያኔ የመኪና ኩባንያ ብቻ አልነበረም። እንዲያውም ትልቁ ሥራው የአውሮፕላን ሞተር ነበር። ስፒትፋየር የተባለውን የጦርነቱን ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረው ሜርሊን ሞተር የእነሱ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሎክሂድ ትራይስታር ለሚባል የመንገደኛ አውሮፕላን አርቢ211 የሚባል ሞተር ሊሠሩ ተዋዋሉ። ወጪው ከታሰበው በላይ ሄደ፣ ጊዜውም ረዘመ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1971 ኩባንያው ከሰረ። "የዓለም ምርጥ" የሚባለው ስም በኪሳራ ዜና ላይ ወጣ። መንግሥት የአውሮፕላን ሞተሩን ክፍል ወረሰ፤ መከላከያውና አየር መንገዶቹ ያለ እሱ አይሆኑማ። ሞተሩ ኋላ ላይ እጅግ ስኬታማ ሆነ፤ ኩባንያው ግን ያንን ለማየት አልታደለም።

የመኪናው ክፍል ጤነኛ ነበር። በ1973 ተለይቶ ለብቻው ኩባንያ ሆነ። በ1980 ቪከርስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ገዛው። ቁልፉ እዚህ ነው፤ ሲለያዩ የ"ሮልስ ሮይስ" ስምና ሁለቱ ተደራራቢ አር ፊደሎች በመጨረሻ የቀሩት በአውሮፕላን ሞተሩ ኩባንያ እጅ ነው። የመኪናው ሰዎች በፈቃድ ነው የሚጠቀሙባቸው።

በ1998 ቪከርስ ሊሸጥ ሲነሣ ቢ ኤም ደብሊው 340 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ። ቮልስዋገን 430 ሚሊዮን ብሎ አሸነፈ። ለዚያ ገንዘብ የክሩን ፋብሪካ፣ የመኪኖቹን ንድፍ፣ ቤንትሌይን፣ ኮፈኑ ላይ የምትቆመዋን ሐውልት፣ የፊቱን ፍርግርግ ቅርጽ ሳይቀር አገኘ። ስሙን ግን አላገኘም። የአውሮፕላን ሞተሩ ኩባንያ ከ1990 ጀምሮ ከቢ ኤም ደብሊው ጋር በሽርክና ይሠራ ስለነበር ስሙን በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ለቢ ኤም ደብሊው ሰጠ። አንዱ ሐውልቷንና ፍርግርጉን ይዟል፣ ሌላው ስሙን ይዟል። ሁለቱም ብቻቸውን ሮልስ ሮይስ መሥራት አይችሉም። በዚያ ላይ አዲሱ የክሩ መኪና ሲልቨር ሴራፍ ሞተሩ የቢ ኤም ደብሊው ነበር፤ ቢከለክሉት ፋብሪካው ይቆማል።

ተደራደሩ። እስከ 2002 መጨረሻ ቮልስዋገን በሁለቱም ስም ይሠራል፤ ከ2003 ጀምሮ ሮልስ ሮይስ ከነሐውልቷ የቢ ኤም ደብሊው ይሆናል። "ተታለለ" የሚለውን እኔ አልቀበለውም። ቤንትሌይን አግኝቶ አሳድጎታል። ቢ ኤም ደብሊው ደግሞ ፋብሪካም፣ ሠራተኛም፣ የሚሠራ መኪናም የሌለው ባዶ ስም ይዞ ቀረ። ከባዶ ጀመረ። ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ጉድውድ በሚባል ቦታ አዲስ ፋብሪካ ሠራ። የመጀመሪያውን ፋንተም ለገዢው ያስረከቡት ጃኑዋሪ 1 ቀን 2003፣ ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ አልፎ ነው።

ጉድውድ የት እንደሆነ ካርታ ላይ እዩት። ሮይስ ከሞተባት ከዌስት ዊተሪንግ በጣም ቅርብ ነው።

ክሩ 1959

ቅርብ መሆኑ ልብ ይነካል። ግን ቅርበት ውርስ አይደለም፣ ወንድሜ።

ሊያ ዲዛይን

ክሩ 1959፣ ሙግትህን አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከጦርነቱ በፊት ሮልስ ሮይስ የሚሸጠው ሻንሲና ሞተር ብቻ ነበር። ገዢው ወደ ባርከር ወይም ወደ ሁፐር ወይም ወደ ሌላ ቦዲ ሠሪ ወስዶ በልኩ ያሠራል። ሙሉ መኪና አድርገው ከነቦዲው በራሳቸው ስም መሸጥ የጀመሩት ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ሲልቨር ዶውን በ1949። ስለዚህ በዚያ ዘመን ያሉትን ፎቶዎች ስናይ "ሮልስ ሮይስ ያምራል" የምንለው አብዛኛው ነገር ሌላ ሰው የሠራው ነው። ቆዳውንም እንጨቱንም ሌላ ቤት ነው የሠራው። ታዲያ ያኔም "ሙያው" አንድ ቤት ውስጥ አልነበረም። ሁሌም ስሙ ነው ሰዎቹን የሰበሰባቸው።

እኔ በሙያዬ ዲዛይነር ነኝ። ወደዚህ መኪና ያመጣችኝ ሐውልቷ ናት። ቻርልስ ሳይክስ የቀረጻት በ1911 ነው። ሎርድ ሞንታጉ የራሱ መኪና ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ያደረገች ሴት አስቀርጾ ነበር፤ "ሹክሹክታ" ትባላለች። ለሁለቱም ሞዴል የሆነችው የሞንታጉ ጸሐፊ ኤሌኖር ቶርንተን እንደሆነች ይነገራል፤ ይዋደዱ ነበር። በ1915 ዲሴምበር መጨረሻ አብረው ሲጓዙ መርከባቸው ፐርሺያ በቶርፔዶ ተመታች። እሱ ተረፈ። እሷ ሰጠመች። ኮፈኑ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ልብሷ በነፋስ ሲገፋ ባየሁ ቁጥር ይሄ ነው የሚመጣብኝ።

በነገራችን ላይ ከጥርብ ብር ነው የተሠራችው የሚባለው እውነት አይደለም። ብር የተለበጠችበት ዘመን አለ እንጂ ውስጧ ሌላ ብረት ነው። የአር ፊደሎቹ ከቀይ ወደ ጥቁር የተቀየሩት ለሮይስ ሐዘን ነው የሚለውም እንዲሁ። ለውጡ እሱ በሕይወት እያለ የተወሰነ ነው፤ ቀዩ ከአንዳንድ የቦዲ ቀለሞች ጋር አልሄድ ስላለ። በ1933 እሱ ሲሞት ነገሩ ገጠመና ሰው ሐዘን አደረገው።

ቀጥ ያለ መንገድ

እህቴ፣ የሐዘኑን ተረት እኔም አምኜው ነበር።

ከላይ ዙፋን ሥራ ያልኩትን በከፊል አነሣለሁ። የቢትልሱ ዘፋኝ ጆን ሌነን ፋንተሙን በ1967 ቢጫ አስቀብቶ አበባ በአበባ ማስደረጉን አስታወስኩ። ብዙ ሰው እንደ ድፍረት ነው ያየው። የነገሥታት የሚባል ዕቃ የአንድ ሮክ ዘፋኝ እጅ ገብቶ እንደፈለገ ሲያደርገው ስሙ አልተሰበረም። እንዲያውም ሰፋ።

ዜሮ ጭስ

ማንም ስለ ስፔክተር አላነሣም። በ2023 መንገድ ላይ የወጣው ሙሉ ኤሌክትሪክ ሮልስ ሮይስ ነው። ብዙ የድሮ ወዳጅ "ሞተር የሌለው ሮልስ ሮይስ አይሆንም" ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን ከሁሉም ሞዴል ይልቅ ወደ መጀመሪያው የቀረበው እሱ ነው እላለሁ።

ምክንያቴን ልናገር። ሮይስ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሰው ነው፤ ሰነድ ወዳጅ ነግሮናል። ሮልስ ደግሞ በ1900፣ ከሮይስ ጋር ገና ሳይተዋወቅ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ተናግሯል። ድምፅ የለውም፣ ንጹሕ ነው፣ ሽታና ንዝረት የለውም አለ። ችግሩ መሙያ ጣቢያ አለመኖሩ ነው ብሎ እስከዚያ ድረስ ብዙም አይጠቅምም አለ። በ1900! ከዚያ ወዲህ ያ ቤት መቶ ዓመት ሙሉ የለፋው ቤንዚን ሞተርን እንደ ኤሌክትሪክ ሞተር ዝም ለማሰኘት ነው። በ1958 የወጣው ዝነኛ ማስታወቂያቸው ምን ይላል? በሰዓት 60 ማይል እየተነዳ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የሰዓቱ ድምፅ ነው ይላል። ስለ ፈረስ ጉልበት አላወራም። ለብዙ ዓመት ጉልበቱ ስንት ነው ተብለው ሲጠየቁ "በቂ ነው" ከማለት በቀር ቁጥር አይናገሩም ነበር።

ጋሼ አሮጌ ካምቢዮ፣ ረዳትዎ ቁልፉን ሁለተኛ ጊዜ ያዞረው ለዚህ ነው።

አሮጌ ካምቢዮ

ልጄ፣ ይሄን እንዲህ አስቤው አላውቅም። እውነትህን ነው። እኔ ለኤሌክትሪክ መኪና ፍቅር የለኝም፤ እጄ የሚገባበት ነገር የለውማ። ግን ሮይስ ዛሬ ቢኖር የትኛውን ፈትቶ ያያል ብትለኝ፣ መጀመሪያ እሱን ነው የሚፈታው።

ክሩ 1959 ደግሞ፣ ስለ ሰዎቹ ያልከው ትክክል ነው። እጅ ካልተላለፈ ስም ባዶ ነው። ጉድውድም ሰዎቹን አዲስ ቢቀጥርም ሥራውን ከባዶ አላስተማራቸውም፤ ያወቀ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ነው። የቦዲውን ረጅም ቀጭን መስመር ዛሬም በብሩሽ፣ በእጅ ነው የሚስሉት። እኔ የማየው እሱን ነው።

ክሩ 1959

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እኔ ከቪ8 ንቅንቅ አልልም። ግን መስመሩን በእጅ የሚስል ሰው እስካለ ድረስ ጉድውድን ባዶ ስም አልለውም።

የአጎቴ መኪና

ይቅርታ፣ ውይይታችሁን ላቋርጥ። ሁለት ቀን ሳነባችሁ ነበር። አጎቴ በ1970ዎቹ የተሠራ ሻዶው አለው፤ ብዙ ዓመት ቆሟል። አሁን እኔ ልንከባከበው ነው። ጋሼ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ፍሬኑን ፈራሁት። ሳልፈታው ደህና መሆኑን የማውቅበት መንገድ አለ?

አሮጌ ካምቢዮ

አለ፣ ልጄ። መጀመሪያ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘይት ምን እንደሆነ እርግጠኛ ሁን። ካላወቅህ ምንም አትጨምርበት።

ከዚያ መኪናው ቆሞ፣ ጎማው ተደግፎ፣ ሞተሩን አስነሣና የፍሬን ማስጠንቀቂያ ሁለቱ መብራቶች እስኪጠፉ ጠብቅ። ትንሽ ይሥራ። ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ግን ለመብራቶቹ አብራው። አሁን ፍሬኑን እየረገጥክ ቁጠር። ግፊቱን የሚያጠራቅሙ ናይትሮጅን ያለባቸው ሁለት ሉሎች አሉ፤ ደህና ከሆኑ ሞተሩ ጠፍቶም በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ያስረግጡሃል። መብራቶቹ ቶሎ ከበሩ ጋዙ አልቋል። ስንተኛው ላይ እንደበራ ጻፍልኝ፤ ከየትኛው መብራት እንደጀመረም።

የአጎቴ መኪና

ሠራሁት። አንደኛው መብራት አራተኛው ላይ በራ። ሁለተኛው እስከ ሠላሳ አንድ ሄደ።

አሮጌ ካምቢዮ

አንዱ ሉል ሞቷል፣ ሌላው ገና አለ። አትንዳው። ግፊቱ እንዳለ ብሎን እንዳትነካ፤ ያ ዘይት እጅ ይበሳል። መጀመሪያ ሁለቱም መብራት በርቶ እስኪቆይ፣ ፔዳሉም እስኪሞት ድረስ እርገጠውና ግፊቱን ጨርሰው። ከዚያ የሉሎቹን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ከሞተሩ ሥር በኩል ታያቸዋለህ።